«ደሙ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ጽፌ ግን አላውቅም። የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 12 ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት እንደመጣች በቀጥታ ሽንት ቤት ገባች። ቆየችብኝ። ሳንኳኳ እያለቀሰች «እማዬ፣ የሆነ ቦታ ተቆርጫለሁ መሰለኝ» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ሞዴስ ሰጠኋት፤ አደራረጉን አሳየኋት። ከዚያ «ግን ደሙ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አድገሻል ማለት ነው፤ በቃ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» ብያት ወጣሁ። ወጥ ጥጃለሁ ብዬ ነው የወጣሁት። እውነቱን ለመናገር ግን መልሱን አላውቀውም። ሁለት ልጅ ወልጄም አላውቀውም።

እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ነገሩን ስትሰማ ልጅቷን ጠርታ «ከእንግዲህ ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ፤ ገመድም አትዝለይ፤ በዚህ ቀንሽ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ» አለቻት። ልጄ አሁን ከወንድ ጋር አንድ ዴስክ ላይ አልቀመጥም ብላለች። አስተማሪዋ ደውሎልኝ ነው ያወቅኩት። በዚያው ቀን ማታ «እማዬ፣ ቆሻሻ ሆንኩ እንዴ?» አለችኝ። እንቅልፍ ነሳችኝ።

እናቴን ማስቀየም አልፈልግም። ልጄም እንዲህ ሆና ማየት አልችልም። እኔ ራሴ በተወለድኩ በስምንተኛው ቀን የተገረዝኩ ነኝ፤ ልጄን ግን እናቴ ብትቆጣም አላስነካኋትም። ምን ብዬ ልጀምርላት? ስሙንስ ምን ብዬ ልጥራው? ይቅርታ፣ ሳላነሳው እንዳላልፍ፣ የእኔም የወር አበባ ከአምስት ወር ወዲህ በዝቶብኛል። እየረጋ ይወርዳል። ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል። ዕድሜ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

የልጄ እናት ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ «አንቺ» ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አለኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልጅሽን ብቻ ነው ያየሁት። በሁለተኛው ግን መጨረሻ ላይ ይቅርታ ጠይቀሽ ያለፍሽው ነገር አስደነገጠኝ። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ምንም ያበላሸሽው ነገር የለም። ልጅሽ እንባዋ ሳይደርቅ «ከየት ነው የሚመጣው?» ያለችሽ ስለምታምንሽ ነው። ሦስት ሳምንት ረጅም ጊዜ አይደለም። ቅዳሜ ፀጉሯን ስትሠሪያት፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ እንዲህ በያት፦ «ያን ቀን የጠየቅሽኝን አልመለስኩልሽም። ለእኔም ማንም ነግሮኝ አያውቅም ነበር። አሁን ጠይቄ መጣሁ።» እናቷ «አላውቅም ነበር» ስላለች ልጅ እናቷን አትንቅም። እኔ እንዳየሁት ይበልጥ ትጠጋታለች።

ባለማወቅሽም አትፈሪ። ለብዙ ዓመት አዋላጅ ነርስ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት እናት እጄን ጨብጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሲስተር፣ ልጁ በሽንት መውጫዬ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለችኝ። ሦስተኛ ልጇ ነበር። ሁለት ጊዜ ወልዳ ማንም አልነገራትም። ያን ሌሊት በምጥ መሃል፣ ወረቀት ላይ ስዬ አሳየኋት። እስካሁን ፊቷ አይረሳኝም። አልሳቀችም፣ አላፈረችም። «ታዲያ እስከዛሬ ለምን አልነገራችሁንም?» ነው ያለችኝ።

ስለዚህ ለአንቺም ከዚያው ልጀምር። ሴት ልጅ ከታች ሦስት መውጫ ነው ያላት። ከፊት ያለችው ትንሿ የሽንት ናት። ከኋላ ያለው የሰገራ ነው። በሁለቱ መሃል ያለው የወር አበባ የሚወርድበት፣ ሕፃንም የሚወለድበት ነው። ልጅሽ ሞዴስ አድርጋ መሽናት ትችል እንደሆነ ግራ ገብቷት ይሆናል። ብዙ ልጆች ይህን ይፈራሉ፤ አፍረው ግን አይጠይቁም። ሳትጠይቅሽ ንገሪያት።

ስሙን «ብልት» በይው። ብዙዎቻችን ቤት «ሀፍረት» ነው የሚባለው። ስሙ ራሱ ገና ከልጅነቷ እፈሪ ይላታል። ብልት ግን ሐኪም የሚጽፈው፣ ፍርድ ቤትም የሚቀበለው ቃል ነው። የሚያማት ነገር ሲኖር፣ ወይም እግዜር አይበለውና ሰው ያለአግባብ ሲነካት፣ የምትናገርበት ቃል ሊኖራት ይገባል። መሃለኛው መንገድ ለብቻው ሲጠራ ሐኪሞች ቫጃይና ይሉታል። ይህንንም ብትሰማ አይጎዳትም።

ያ መንገድ ወደ ላይ ይወስድና ማህፀን ጋ ይደርሳል። ማህፀንን ማሳየት ከፈለግሽ ቅል ፈልጊ። አንገቱን ቁልቁል አዙረሽ ያዥው። ሰፊው ሆዱ ከላይ፣ ጠባቡ አንገት ከታች። ማህፀን እንዲህ ናት። አንገቷ «የማህፀን በር» ይባላል። መጠኗ ግን የቅል አይደለም፤ የአዋቂ ሴት ማህፀን ጭብጥሽን ብታክል ነው። ይህች ጭብጥ የምታክል ሥጋ ነች ተለጥጣ ዘጠኝ ወር ልጆችሽን የያዘችው። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ በስድስት ሳምንት ገደማ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች።

ከማህፀን ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ። ጫፋቸው የነጠላ ዘርፍ ይመስላል። ከዘርፉ አጠገብ ከነገለባው ያለ ለውዝ የሚያክሉ ሁለት ዕጢዎች አሉ። የእንቁላል ዕጢ ይባላሉ፤ ሐኪሞቹ ኦቫሪ ይሏቸዋል። እንቁላል የሚቀመጠው እዚያ ነው። እንቁላል ስልሽ የዶሮውን እንዳታስቢ። አንዷ ከጤፍ ቅንጣት አሥር ጊዜ ያህል ታንሳለች።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ደረስን። ከአንጎል ሥር ያለች አንዲት ዕጢ በየወሩ ወደ ኦቫሪዎቹ መልእክት ትልካለች። መልእክቱ በደም ውስጥ የሚሄድ ሆርሞን ነው። ያኔ አንዲት እንቁላል ትበስላለች። በዚያው ጊዜ ማህፀን ውስጧን ማሰናዳት ትጀምራለች። አንቺ እንግዳ ሲመጣ ቄጠማ እንደምትጎዘጉዢው ነው። ግድግዳዋ ላይ ለስላሳ፣ ደም የሞላበት ሽፋን ይወፍራል። እንቁላሏ ስትወጣ ያ የቱቦው ዘርፍ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባታል። ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ። በዚህ ጊዜ የወንድ ዘር ካገኛት እዚያው ቱቦው ውስጥ ተገናኝተው ጽንስ ይጀመራል፤ ከዚያ ወርዶ ጉዝጓዙ ላይ ያርፋል። ካላገኛት እንግዳው አልመጣም ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ጉዝጓዙም ይነሳል። ደሙ ይህ ነው። ከማህፀን ግድግዳ ነው የሚመጣው። ልጅሽ አልተቆረጠችም፤ የቆሰለ ነገርም የላትም።

«ቆሻሻ ሆንኩ እንዴ?» ላለችሽም መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። ይህ ሽፋን እሷን ራሷን ተቀብሎ ያሳረፋት ዓይነት ነው። ብዛቱም ዓይን እንደሚያየው አይደለም። ሞዴስ ላይ ሲሰፋ ብዙ ይመስላል እንጂ የአንድ ወር ደም ተሰብስቦ ብዙውን ጊዜ አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እኔ አልነካውም። የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ። ከደጅ ቆማ መጸለይ እንደምትችል ግን ንገሪያት። «አትግቢ» የሚለውን «እግዜር አይወድሽም» ብላ ሰምታው እንዳይሆን እሰጋለሁ።

የሚቆርጣት ከሆነ እሱም ምክንያት አለው። ማህፀን ጡንቻ ናት። ጉዝጓዙን ለማስወጣት ትጨመቃለች፤ የሚያስጨምቃት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሙቅ ውሃ በጠርሙስ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ሆዷ ላይ አድርጊላት። ካልተሻላት ፋርማሲ ሄደሽ ዕድሜዋንና ክብደቷን ተናግረሽ ኢቡፕሮፌን ጠይቂ፤ ምግብ በልታ ትውሰደው። ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት ሕመም ከሆነ ግን «የሴት ልጅ ዕጣ ነው» ብለሽ አትተዪው፤ ለሐኪም አሳዪያት።

በሚቀጥለው ወር ቢዘገይባትም አትደንግጡ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ይዘበራረቃል። አንዳንዱ ወር እንቁላል ሳትወጣም ደም ይመጣል። ከአንዱ የወር አበባ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ ከ21 እስከ 45 ቀን መቆየቱ በእሷ ዕድሜ ያለ ነው። ግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ላይ የጀመረችበትን ቀን ትንሽ ነጥብ ታድርግበት። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ሞዴስና አንድ ቅያሪ ፓንት በትንሽ ከረጢት አድርጊላት። በየአራት አምስት ሰዓቱ ትቀይር። ጨርቅ የምትጠቀሙ ከሆነ ፍራሽ ሥር ተደብቆ አይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ሰው ያየዋል ብላ ከፈራች ከላዩ ስስ ሻሽ ጣል አድርጊበት።

አሁን ወደ እናትሽ። ክፉ አስበው እንዳልተናገሩ አንቺም ታውቂያለሽ። እሳቸው በልጅነታቸው የተነገራቸውን ነው የመለሱት። ምናልባትም በ12 ዓመታቸው ለትዳር ሲታጩ ያዩዋቸው እኩዮች ነበሩ። ፍርሃታቸው ከዚያ ይሆናል። ግን ልጅሽን ዴስክ ላይ ያስፈራት ነገር መታረም አለበት፤ ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም። በቀጥታ ንገሪያት፦ ወንድ አጠገብ መቀመጥ አያስረግዝም። እጅ መያዝ፣ አብሮ መጫወት አያስረግዝም። እርግዝና የሚመጣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት የወንድ ዘር በዚያ መንገድ ገብቶ እንቁላሏን ሲያገኝ ነው። ቃሉን ስትናገሪ ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥ ግድ የለም። ከዚያ ይህን ጨምሪ፦ «ገላሽ የራስሽ ነው። ማንም፣ ዘመድም ቢሆን፣ በማይገባ ቢነካሽ ወደ እኔ ነይ። አልቆጣሽም።» አያቷ ሊጠብቋት የፈለጉት ከዚህ ነው። በዚህኛው መንገድ ግን ያለ ውሸት ትጠበቃለች።

ገመድ ዝላዩም የድንግልና ስጋት ይመስለኛል። በመንገዱ አፍ ላይ ያለው ስስ ሽፋን እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ አይደለም። መሃሉ ክፍት ነው፤ ዝግ ቢሆንማ ይህ ደም በየት ይወርድ ነበር? ከሴት ሴት ይለያያል። አይቶ «ይቺ ድንግል ናት፣ ይቺ አይደለችም» ማለት የሚችል ሐኪም የለም። ልጅሽ ትዝለል። እንቅስቃሴ እንዲያውም ቁርጠቱን ያቀልላታል።

እናትሽን ግን በክርክር አትርቺያቸውም። ሌላ ነገር ንገሪያቸው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን በሙሉ ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን ይሆናሉ፤ የወር አበባ ስታይ ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ይቀራሉ፤ በዕድሜዋ ሙሉ ከኦቫሪ የሚወጡት ደግሞ ከ400 እስከ 500 ቢሆኑ ነው። አሁን አስቢው። ልጅሽ የተገኘችባት እንቁላል የተሠራችው አንቺ ገና በእናትሽ ሆድ ሳለሽ ነው። እናትሽ አንቺን አርግዘው ውሃ ሲቀዱ፣ እንጀራ ሲጋግሩ፣ የዚህችን ልጅ ግማሽ አብረው ተሸክመው ነበር። ቡና አፍልተሽ፣ ሦስታችሁ ተቀምጣችሁ፣ ይህን ንገሪያቸው። ከዚያ «እማማ፣ ያንቺስ የመጀመሪያ ቀን እንዴት ነበር? ማን አገኘሽ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ማንም ጠይቋቸው አያውቅ ይሆናል። ልጅሽ ስትሰማ ዝም ብለሽ ቡናውን ቅጂ።

ስለ ራስሽ መገረዝ በአንድ መስመር ነው የጻፍሽው። በዝግታ ላንሳው። ከሽንት መውጫው በላይ ያለችው ትንሽ አካል ቂንጥር ትባላለች። ቃሉን በስድብ ነው የምናውቀው፤ የአካል ስም ነው እንጂ። ስሜት የሚሰበሰብባት ናት። ከውጭ የሚታየው ጫፏ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ክፍሏ ከውስጥ ነው። በልጅነትሽ የተወሰደብሽ ካለም የውስጡ ብዙ ጊዜ አለ። ጠባሳ የሚያስቸግርሽ፣ የሚያምሽ ነገር ካለ ለማህፀን ሐኪም መናገር ትችያለሽ፤ የተለመደ ጉዳይ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕጋችን ይህን ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። አንቺ ግን ልጅሽን ያዳንሻት ሕግ ጠቅሰሽ አይደለም፤ ቁጣ ችለሽ ነው። እናትሽ ቢቆጡም እምቢ ማለት እንደምትችዪ አስቀድመሽ አሳይተሻል። ይህን ሁሉ ለልጅሽ ዛሬ መንገር አይጠበቅብሽም። ይሄ ለአንቺ ነው።

እና ወደ ፈራሁት ነገር። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ሞዴስ ትቀይሪያለሽ? ሌሊት ለመቀየር ትነሺያለሽ? ከሰባት ቀን ያልፍብሻል? የረጋው ደም የሃምሳ ሳንቲም ስፋት ያልፋል? አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ ዕድሜ ብቻ አይደለም። ማዞሩ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። በአንቺ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማዮማ ነው፤ ማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅል ዕጢ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። የሆርሞን መለዋወጥም ሊሆን ይችላል። እኔ ከዚህ ሆኜ የቱ እንደሆነ ልነግርሽ አልችልም፤ ምርመራው ግን ከባድ አይደለም። የደም መጠን ይታያል፤ እርግዝና አለመኖሩ ይረጋገጣል፤ አልትራሳውንድ ይነሳል። መድኃኒት አለው፣ ሌላም ሕክምና አለው። ብዙ ሴቶች «ሰውነቴን ይቆርጡታል» ብለው ፈርተው ደማቸው እስኪያልቅ ይቀመጣሉ። አንቺ አትቀመጪ። ደሙ በየሰዓቱ ሞዴስ እየሞላ ካዞረሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ።

እዚያው ሳለሽ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራም ጠይቂ። በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች ይሠራል፤ አንቺ መሃሉ ላይ ነሽ። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ለልጅሽም ክትባቱን አንሺ። በ2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ተጀምሯል፤ ለልጃገረዶች ይሰጣል። ተራዋ መቼ እንደሆነ ይነግሩሻል።

ከቻልሽ ልጅሽን ይዘሻት ሂጂ። ምርመራ ክፍል አትግባ፤ ካርድ ክፍል አብራሽ ትቁም። መስኮቱ ጋ ስትደርሺ ድምፅሽን ዝቅ ሳታደርጊ «የወር አበባዬ በዝቶብኝ ነው» በያቸው። ትስማሽ። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን ደግሞ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ ጻፊና ቦርሳሽ ውስጥ አስቀምጪው። መጀመሪያ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።